የቤታችን ጉዳይ፦ የዳባቱ ቤት ክዳን ለበሰ



ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ዳባት የገባ እንግዳ ቀድሞ የሚፈልገው ምግብ ሳይሆን ጋቢ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ ከእርሷ አለፍ ብሎ የሚገኘው ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ቀን ፀሐዩ ፊት ያቃጥላል፤ ማታ ግን ደመና ስለሌለ ምድሩ የቀኑን ሙቀት ሁሉ ወደ ሰማይ ይለቅና ንጋት ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይታያል። በዚህ አገር ለሱብሒ ሶላት ተነሥቶ ውዱእ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ የደጋ ልጅ ያውቀዋል።

ብርዱ የአላህ ሥራ ነውና አይደንቀንም። የሚደንቀው ቀን ሙሉ ይህን የመሰለ ፀሐይ በነፃ በሚወርድበት አገር ቤቶቻችን ሌሊት ከውጪው እምብዛም የማይሻሉ መሆናቸው ነው። በዚህ ዓምድ የእህቴንና የባለቤቷን ቤት ከመሠረቱ ጀምረን ስንከታተል የቆየነውም ለዚሁ ነው። ቤቱ ዳባት ላይ እየተሠራ ያለ ሲሆን፣ ሙቀቱን ከማገዶና ከከሰል ሳይሆን ከፀሐይና ከገዛ ግድግዳው እንዲያገኝ የታሰበ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ በዚህ ወር ግድግዳው አልቆ ክዳን ለብሷል። በርና መስኮት ግን ገና አልተገጠመለትም፤ ኮርኒስም የለውም። በእጅ ያለው ገንዘብ ደግሞ ሁሉን አያዳርስም። ለኮርኒሱና ለመስኮቱ ይዋል ወይስ ለውጭው ልስንና ለግቢው በር? ቤተሰቡ ውስጥ የተነሣው ክርክር ይህ ነው። የባልየው አባት፣ ዕድሜ የጠገቡ ሸህ፣ «እንግዳ የሚያየው በሩን ነው፤ ጣሪያውን ቀና ብሎ የሚያይ ማን ነው?» ብለዋል። ክርክሩ የእነርሱ ብቻ ስላልሆነ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ቆርቆሮው ያመጣው ብርድ

ዛሬ ደጋው ሁሉ የቆርቆሮ አገር ሆኗል። ጥቅሙ የሚካድ አይደለም፤ በየጥቂት ዓመቱ ክዳን መለወጥን አስቀርቷል፣ የእሳት ብልጭታ ሲያርፍበትም እንደ ሣር አይቀጣጠልም። ይሁንና ውፍረቱ የሚሊ ሜትር ሩብ ገደማ ብቻ ነው። በብርድና በሰው መካከል ያን ያህል ብቻ ብረት ማስቀመጥ ምንም እንዳላስቀመጡ ይቆጠራል። ከዚያም ይብሳል፤ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ላይ ስለሚለቅ በዙሪያው ካለው አየር እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። የተኙ ሰዎች ትንፋሽና የድስት እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ ያንን ቅዝቃዜ ሲነካ ውሃ ይሆንና ንጋት ላይ አልጋው ላይ ይንጠባጠባል። ሰዎች «ቆርቆሮው አፈሰሰ» ብለው ምስማር ይደፍናሉ። ቆርቆሮው ግን አላፈሰሰም፤ አላበው እንጂ።

ከዳባት ብዙ ሳይርቅ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ናት። ነዋሪዎቿ በአብዛኛው ሙስሊሞች ሲሆኑ 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ጅባራ በሚበቅልበት ብርድ ውስጥ ለብዙ ትውልድ ኖረዋል። ቤታቸው ክብ ሆኖ በጓሳ ሣር ወፈር ተደርጎ የተከደነ ነበር። በጓሳው አገዳዎች መካከል የሚቀረው አየር አይንቀሳቀስም፤ የማይንቀሳቀስ አየር ደግሞ ሙቀት አያሳልፍም። ያ ቤት እንግዲህ በጋቢ ተጠቅልሎ እንደ ተቀመጠ ሰው ነበር ማለት ይቻላል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2016 የግጭ 418 አባወራዎችና እማወራዎች ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ በኋላ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። የዝውውሩን ነገር ሌላ ጊዜ እንነጋገርበት ይሆናል፤ ለዛሬው ጉዳያችን ልብ የምንለው አንድ ነገር ነው። እነዚህ ወገኖቻችን ከብርዱ 800 ሜትር ያህል ወረዱ፤ ነገር ግን ከጓሳው ክዳን ወጥተው ቆርቆሮ ሥር ገቡ።

የሣር ቤት ናፍቆት ይዞን አይደለም። የጓሳው ቤት ሙቀት ይኑረው እንጂ መካከሉ ላይ የሚነደው እሳት ጭስ የእናቶቻችንን ዓይንና የሕፃናትን ሳንባ ሲያበላሽ የኖረ ነው። ሣሩም ቢሆን ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም። የምንለው ሣሩ ይሠራው የነበረውን ሥራ ከቆርቆሮው ሥር ሌላ ነገር ይሥራው ነው። ከተከዜ ማዶ ያሉ ትግሬዎች በሕድሞ ቤታቸው ጣሪያ ላይ አፈር ደልድለው ይኸንኑ ችግር በሌላ መንገድ ፈትተውት ነበር። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ነሕል 80ኛና 81ኛ አንቀጾች ቤትን ማረፊያ ማድረጉን፣ ከእንስሳት ቆዳ የሚሠራውን ቀላል ቤት፣ ሱፍና ጸጉሩን፣ ጥላውንና በተራሮች ውስጥ ያለውን መጠለያ እንደ ጸጋ ይቆጥርልናል። እያንዳንዱ ሕዝብ በአካባቢው ያገኘውን ለማረፊያው ማዋሉ ከዚያ ጸጋ ነው።

ቂብላና ፀሐይ

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ዳባት ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ላይ ያለች ከተማ ናት። ስለዚህ ብርዱ በሚጠናበት በታኅሣሥ ወር ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ከአድማስ 54 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ከዚያም ዝቅ ትላለች። በሰኔ ግን በአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ከዚህ የሚወጣው ነገር ቀላል ነው፤ ወደ ደቡብ የተከፈተ መስኮት ፀሐይን የሚያስገባው በብርዱ ወራት፣ ሰው በሚፈልጋት ጊዜ ነው። በሙቀት ወራት ግን ፀሐዩ በቀጥታ አይገባበትም። ወደ ምዕራብ የተከፈተ መስኮት ዓመቱን ሙሉ ከአስር በኋላ ዓይን ይወጋል፤ ወደ ሰሜን የተከፈተው ደግሞ በታኅሣሥ አንዲት ጮራ እንኳ አያይም።

አሁን ቂብላውን እንመልከት። መካ ከዳባት ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 13 ዲግሪ ያህል ብቻ ዘንበል ብላ ትገኛለች። አገራችን ከመካ በስተደቡብ ስለሆነች ቂብላችን በአብዛኛው ወደ ሰሜን ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ዝንባሌው ጥቂት ወደ ምሥራቅ፣ ሐረር ላይ ጥቂት ወደ ምዕራብ ይሆናል። እንግዲህ ረጅሙን ግድግዳውን ለቂብላ ያቀና ቤት በዚያው ሌላውን ረጅም ግድግዳውን ለታኅሣሥ ፀሐይ አቀና ማለት ነው። የዳባቱ ቤት መሠረት ሲቀደድ ገመዱ የተዘረጋው በዚህ ስሌት ነበር። የቤቱ ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። የሰሜኑ ግድግዳ የቂብላው ግድግዳ ሆኗል፤ አንድም መስኮት የለውም፤ በድንጋይና በጭቃ 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ተገንብቷል። ቤተሰቡ በጀማዓ ሲሰግድ ሰፉ በቤቱ ርዝመት ይዘረጋል፤ ከፊት ለፊቱ የሚያዘናጋ መስኮት የለም፤ በዙህር ሰዓት ፀሐዩ ከጀርባ ይሞቃል። ለቂብላ ሲባል ቤቱ ከትክክለኛው ደቡብ 13 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ መዞሩ የሚያስቀረው ሙቀት ኢምንት ነው፤ እንዲያውም የከሰዓት በኋላውን ፀሐይ ትንሽ ስለሚጨምርለት ለሌሊቱ ይበጃል።

መጸዳጃ ቤቱም በዚሁ ተስተካክሏል። አቡ አዩብ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ለሐጃ የተቀመጠ ሰው ቂብላን ፊት ለፊትም በጀርባም እንዳያደርግ፣ ይልቁንም ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ እንዲዞር ያስተምራል። ይህ የተነገረው ቂብላቸው ወደ ደቡብ ለሆነው ለመዲና ሰዎች ነበር፤ የእኛ ቂብላ ወደ ሰሜን ስለሆነ አቅጣጫው ለዳባትም እንደዚያው ይሠራል። ገና መሠረቱ ሲቆፈር ካልታሰበበት ሲሚንቶ ከፈሰሰ በኋላ ማዞሩ ከባድ ነው።

ችግር የፈጠረው መንገዱ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የሠሩት የጎንደር–ደባርቅ መንገድ ዳባትን ከደቡብ ወደ ሰሜን ሰንጥቆ ያልፋል። መንገዱን ተከትሎ የተመራው ቦታ ሁሉ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ነው፤ ሰውም ቤቱን ፊት ለፊት ወደ መንገዱ ያዞራል። ሱቅ ለሚከፍት ሰው ይህ ተገቢ ነው። መኖሪያ ቤት ግን ከመንገድ ምን ይፈልጋል? አቧራና የሰው ዓይን ነው የሚያገኘው። ከዚያም ባለቤቲቱ ለሰተር ስትል መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ ቀን ሙሉ ትጋርደዋለች፤ የተከፈለበት መስታወት ከንቱ ይቀራል። የእህቴ ቤት ለመንገዱ ጎኑን ሰጥቶ ፊቱን ወደ ጓሮው፣ ወደ ደቡብ አዙሯል። ሴቶች መጋረጃውን ገልጠው ፀሐይ ሲሞቁ ከአጥሩ ውጪ የሚያያቸው የለም። ጎረቤት «ቤቱ ተኮረፈ እንዴ?» ብሎ ቀልዷል፤ ይቀልድ። የከተማ ቦታ ያላችሁ ግን ገመድ ከመዘርጋታችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቁ፤ ፕላኑ የፊት መስመርን የሚያስገድድበት ቦታ አለና።

በደቡቡ ግድግዳ ላይ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ20 የሆኑ ሦስት የመስኮት ቦታዎች ተትተዋል። በጠራ የታኅሣሥ ቀን እኩለ ቀን ላይ በእነዚህ የሚገባው ሙቀት ከአንድ ባለ 1,000 ዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይበልጣል፤ ቆጣሪ ግን አይቆጥርበትም። እዚህ ላይ ከአናጢው ጋር የተደረገ ሙግት ነበር። አናጢው እንደ ልማዱ በቤቱ ፊት ሰፊ በረንዳ ሊያወጣ ፈለገ። ደቡብ ላይ የሚወጣ የ1 ሜትር ተኩል በረንዳ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ከክዳኑ ጠርዝ ወደ ታች 2 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል፤ መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል ማለት ነው። በረንዳው ወደ ምሥራቁ ጎን፣ ወደ መግቢያው ተዛወረ። በደቡቡ በኩል የክዳኑ ክፈፍ 50 ሳንቲ ሜትር ብቻ እንዲወጣ ሆነ። ከዚያ ማሳጠሩ ደግሞ የክረምቱን ዝናብ በጭቃው ግድግዳ ላይ ስለሚያመጣ አይመከርም፤ የግድግዳው የታችኛው ክፍልም እስከ ጉልበት ድረስ በድንጋይ ተሠርቷል።

የገባው ፀሐይ የሚያርፈው ወለሉ ላይ ነው። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ከመስኮቱ ሥር እስከ 1 ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ ይደርሳል። ያ የወለል ክፍል ጠቆር ባለ ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ቢሆን ሙቀቱን ጠጥቶ ማታ ይመልሰዋል። ምንጣፍ ከተነጠፈበት ግን ምንጣፉ ይሞቃል፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል። ዐረቢያን መጅሊስ ለምትወዱ ቤተሰቦች የምንለው መደዳውን በሰሜኑና በጎኖቹ አድርጋችሁ ከመስኮቱ ሥር ያለውን ስፍራ ባዶ ተዉት ነው። መስታወት ቀን የሚያስገባውን ሙቀት ሌሊት መልሶ ስለሚያወጣ ከውስጥ በኩል የሳንቃ መዝጊያ ያስፈልገዋል፤ ከመግሪብ በፊት ይዘጋል።

ይህ ሁሉ ፍልስፍና የሚመስለው ሰው ካለ ላዳክን ይመልከት። በህንድ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ሙስሊሞችና ቡዲስቶች ጎን ለጎን የሚኖሩበት ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነ ደረቅ ደጋ ነው፤ ክረምቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይደርሳል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተው ሴክሞል የተባለ የትምህርት ድርጅት የተማሪዎች መኖሪያና መማሪያውን በአፈር ግድግዳ ሠርቶ ፊቱን ወደ ደቡብ በመስታወት ከፍቷል፤ ክረምቱን የሚያሳልፉት በፀሐይ ነው። የእኛ ብርድ ከእነርሱ ጋር ሲተያይ የልጅ ጨዋታ ነው።

ጭቃን ስለ መናቅ

ከሰሜኑ ግድግዳ በቀር ሦስቱ ግድግዳዎች የጭቃ ናቸው። ብዙ ወጣቶች ብሎኬት ያልሆነ ቤት ቤት አይመስላቸውም። ባዶ ሆድ ያለው ብሎኬት ግን ከጭቃና ከጭድ የተሻለ ብርድ ይከላከላል ብሎ የሚከራከር ባለሙያ አናገኝም፤ ሲሚንቶውም ዋጋው ውሎ የሚያድር አይደለም። ችግሩ ጭቃው ላይ ሳይሆን ቅጥነቱ ላይ ነው። በየመንደሩ የሚሠራው የጭቃ ግድግዳ አንድ ስንዝር እንኳ በቅጡ አይሞላም። የዳባቱ ቤት ግድግዳ ግን በሁለት ረድፍ ማገር ተሠርቶ በመካከሉ ጭድ የበዛበት ጭቃ ስለ ተጠቀጠቀበት 40 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እንዲህ ያለ ግድግዳ የውጪው ሙቀት ወደ ውስጥ እስኪደርስ 10 ሰዓት ገደማ ያዘገየዋል፤ የቀኑ ፀሐይ ወደ ውስጥ የሚደርሰው ሰው ሊተኛ ሲል ነው። ድንጋይ ሙቀት ያከማቻል እንጂ ብርድን ብዙም አይከላከልም፤ ስለዚህ የሰሜኑ የድንጋይ ግድግዳ ከውስጥ በኩል ጭድ የበዛበት ወፍራም ምርጊት ተጨምሮለታል።

የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤቶች መኖሪያ ክፍሎች የጭቃ ጡብና የተምር ዝንጣፊ እንደነበሩ ሁላችንም ተምረናል። መስጂዳቸውም ምሰሶው የተምር ግንድ ነበር። በቅርቡ ዘመን ደግሞ ግብፃዊው የሕንጻ ባለሙያ ሐሰን ፈትሒ (1900–1989 እ.ኤ.አ.) ዕድሜውን በሙሉ ለጭቃ ጡብ ቤት ሲሟገት ኖሯል። ሉክሶር አጠገብ በ1940ዎቹ የሠራው አዲሱ ጉርና መንደር እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም የሕንጻ ትምህርት ቤቶች ይጠናል። መንደሩ የተሠራላቸው ሰዎች ግን አብዛኞቹ ወደዚያ ለመግባት እንቢ ብለዋል። ይህም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ ቤት የሚገባበት ሰው ካልመከረበት ጥበብ ብቻውን አያሞቀውም። ለዚህም ነው በእህቴ ቤት ነገር ሁሉ ከሸህ አባታችን ጋር ሳይመከር ያልተሠራው።

ኮርኒሱና ከሰሉ

እንግዲህ ኮርኒሱ ላይ ደረስን። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ላይ የሚጠብቀው ባዶ ቆርቆሮ ከሆነ ግድግዳውና መስኮቱ የደከሙበት ሁሉ በአንድ ሌሊት ይጠፋል። አቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ጆንያ መወጠር ጥላሸቱን ይይዝ ይሆናል እንጂ ብርዱን አያግድም። የታሰበው እንዲህ ነው። በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ጠንካራ የባሕር ዛፍ ወራጅ ይጋደማል፤ ከሥሩ ሳንቃ ወይም ችፕውድ ይመታል። በላዩ በቀጭን ጭቃ ውሃ ተነክሮ የደረቀ የገብስ ገለባ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይነጠፋል። ገለባውን ጭቃ ማስነካቱ እሳት በቀላሉ እንዳይዘው ያደርጋል፤ አይጥም እንደ ደረቁ ገለባ አትወደውም። በገለባውና በቆርቆሮው መካከል አየር መመላለስ ስላለበት በሁለቱም ጫፍ በወንፊት የተሸፈነ ቀዳዳ ይተዋል፤ አለበለዚያ ላቡ ገለባውን ያበሰብሰዋል። የኤሌክትሪክ ሽቦ በገለባው ውስጥ ራቁቱን አይሂድ፤ በቱቦ ይለፍ።

አሁን ግን አንባብያን በጥንቃቄ እንዲያነቡልን የምንፈልገው ነገር አለ። ቤት እየተደፈነ በሄደ መጠን ከሰል ይበልጥ ገዳይ ይሆናል። ቀዳዳ የበዛበት ቤት ውስጥ የነደደ ከሰል መርዙ በየስንጥቁ ይወጣል። በኮርኒስ፣ በመስታወትና በወፍራም ግድግዳ በተዘጋ ቤት ውስጥ ግን የሚወጣበት የለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ይህ መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ «ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጭሱ አልቋል» የሚባልበት ጊዜ ደህና የሆነበት አይደለም። መጀመሪያ ራስ ያምማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ የተኛ ሰው ግን ይህን ሳያውቅ ያልፋል። በየዓመቱ በብርድ ወራት ማታ ደህና ገብተው ጠዋት በር ተሰብሮ የተገኙ ቤተሰቦች ወሬ እንሰማለን። ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ደግሞ ከሌላው ፈጥነው ይጎዳሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በምትተኙ ጊዜ እሳት በቤታችሁ አትተዉ ማለታቸውን ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) አስተላልፈውልናል፤ ሐዲሱ በቡኻሪም በሙስሊምም ያለ ነው። ለአራስ ቤት ነው፣ ለሽማግሌ ነው፣ ለአንድ ሌሊት ነው የሚል ማመካኛ አይሠራም። ራሱን ያዞረው ሰው ካለ ውሃ ከማፍሰስና ሎሚ ከማሽተት በፊት ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ቀጥሎም ወደ ሕክምና ይወሰድ።

ስለዚህ በዳባቱ ቤት የእሳት ቦታ ከመኝታው ተነጥሎ በስተምዕራብ በኩል ለብቻው የቆመ ማጀት ሆኗል። በአገራችን ከቤት ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚበላው እንጀራ መጋገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እዚሁ አገራችን ውስጥ የተሠራው ምርጥ የተባለው የሲሚንቶ ምድጃ ምጣዱን ዙሪያውን ዘግቶ ስለሚይዝ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ መልካም ነው፤ ነገር ግን 3,500 ዋት ገደማ ስለሚስብ መስመሩ ወፍራም ሽቦ ይፈልጋል፤ መብራት በጠፋ ቀንም ምርጡ ምድጃ አለ።

ስለ ውዱእ ውሃ አንዲት ቃል እንጨምር። ጥቁር ቀለም የተቀባ ጀሪካን በደቡቡ ግድግዳ ሥር ከመስታወት ጀርባ ቢቀመጥ ከዙህር በኋላ ውሃው ለብ ይላል፤ ማታ ገለባ በሞላው ሣጥን ውስጥ ቢቀበር ለሱብሒ ብርዱ የሚቆረጥም አይሆንም። በሻፊዒ መዝሀብ መጻሕፍት ፀሐይ ያሞቀው ውሃ መጠላቱን ያነበቡ ተማሪዎች ይጠይቁን ይሆናል። ያ የተባለው በሞቃት አገርና በብረት ዕቃ ለሞቀ ውሃ ነው፤ ኢማም ነወዊም አለመጠላቱን መርጠዋል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ አብዛኞቹ ቤተሰቦቻችን ወለድን ስለሚሸሹ ቤት የሚሠሩት በዕቁብና በየዓመቱ በሚገኘው ነው። ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ከተፈቀደበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ይልቁንም ዘምዘምና ሒጅራ ባንኮች በ2021 ሥራ ከጀመሩ በኋላ በሩ ሰፍቷል። ቢሆንም በትንሽ በትንሹ ለሚሠራ ሰው ዋናው ጥያቄ ቅደም ተከተሉ ነው። የቤት አቅጣጫ፣ የግድግዳ ውፍረት፣ የመስኮት ቦታና የክዳን ክፈፍ በኋላ አይስተካከሉም። ቀለም፣ ንጣፍ፣ የብረት በር መቼም ይደርሳሉ። ኮርኒስ በመካከል ነው፤ በኋላም ሊሠራ ይችላል፤ ግን እስኪሠራ ድረስ ያለው እያንዳንዱ የብርድ ሌሊት ወደ ከሰል ይገፋል። ልጆች በሚገቡበት ቤት ይህ ሊታለፍ የሚገባው ነገር አይደለም።

ሸህ አባታችን ይህን ሁሉ ሰምተው ዝም አሉ። ቆይተው «የከሰሉን ነገር ለምን መጀመሪያ አልነገራችሁኝም?» አሉ። በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት የመስኮቶቹ መስታወትና የሳንቃ መዝጊያ ይገጠማል፤ ከዚያ ወራጁና ገለባው ይቀጥላል ኢንሻአላህ። የውጭው ምርጊት በሚያዝያና በግንቦት፣ የሰኔ ዝናብ ሳይደርስ ይለበጣል፤ ከዚያ ቢዘገይ የጭቃውን ግድግዳ ዝናቡ ይበላዋል። የግቢው በር ለጊዜው ከባሕር ዛፍ አጣና የተሠራ መዝጊያ ነው፤ ሸህ አባታችን ራሳቸው ናቸው በሽቦ ያሰሩት።